«ቀልድ እኮ ነው!» አትበሉኝ

«ቀልድ እኮ ነው!» ይላሉ። ቀልድ መሆኑን ማን ካደ? የጠየቅነው ያስቃል ወይ ብለን ነው።

በአሜሪካ የአኒሜሽን ኮሜዲ ነገር ክርክሩ አላበቃም። አንዱ «ስድቡ ሰለቸን» ሲል ሌላው «ሰው ሆደ ባሻ ሆነ እንጂ ቀልዱስ ያው ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱም አልወገንም። ጥሩ ስድብ ዛሬም በሳቅ ያፈርሳል። ግን ተረብ፣ ተረብ የሚሆነው ተተራቢውም አፍ ሲኖረው ነው። ሰፈር ውስጥ አንዱ ጫማህን ሲያነሳ አንተ ኮቱን ታነሳለህ፤ ከቦ የቆመውም ለሁለታችሁም ይስቃል። አፉን አፍኖ ሰው ላይ ሙድ መያዝ ግን ለከፋ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከራሳችን ልጀምር። ሳውዝ ፓርክ የተባለው የካርቱን ኮሜዲ በተጀመረበት በ1997 እ.ኤ.አ. «ስታርቪን ማርቪን» የሚል ክፍል ቀርቦ ነበር። ልጆቹ በስጦታ የሚሰጠውን የእጅ ሰዓት ፈልገው ለእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ይልካሉ። በሰዓቱ ፋንታ በራቸው ላይ የሚደርሰው የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ነው። «ስታርቪን ማርቪን» (የተራበው ማርቪን) ብሎ ስም የሚያወጣለትም ከልጆቹ አንዱ ካርትማን፣ ያ ሆዳም!

ያሳቀኝን አልክድም። ካርትማን በማርቪን ፋንታ ተይዞ ኢትዮጵያ ይወሰዳል፤ እዚያም ጠኔ ምን እንደሆነ ያያል። በቴሌቪዥን ለተራቡ ሕፃናት በመለመን የምትታወቀው ተዋናይት ሳሊ ስትራዘርስ ደግሞ በካርቱኑ ውስጥ ምግቡን ጎጆ ውስጥ ደብቃ ትሰለቅጣለች። ነገሩ ለሴትየዋ መራር ነው፤ ዱላው ግን የተሰነዘረው የሕፃን አጥንት አሳይቶ ሰዓት በሚመርቀው ማስታወቂያ ላይ ነው። ይምታ!

«ታዲያ ምን ጎደለ?» አንደበቱ! ማርቪንና መንደርተኛው የሚግባቡት ምላስን ከላንቃ እያጋጩ ቀጭ ቀጭ በማድረግ ነው። አማርኛ አይደለ፣ ትግርኛ አይደለ፣ ኦሮምኛ አይደለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላቸው ቋንቋዎች በአብዛኛው የሚነገሩት በደቡባዊ አፍሪካ ነው። የካርቱኑ መንደር ያለው ኮሎራዶ ነው፤ በዚያው ግዛት ዴንቨርና ኦሮራ ሐበሻ ሞልቷል። አንድ ሰው ጠርቶ «እስቲ እናንተ እንዴት ነው የምታወሩት?» ማለት ስንት ያስወጣል? በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወላጆቻቸውን ቀብረው የተረፉ ልጆች በሕይወት እያሉ፣ ቋንቋቸውን እንኳ ሳይጠይቁ በእነሱ መሳቅ ድፍረት አይባልም። ስንፍና ነው። ሰነፍ ቀልድ ደግሞ ተመልካቹ ቢከፋም ባይከፋም አያስቅም።

«ሳውዝ ፓርክ እኮ ሁሉንም ይሰድባል!» ይስደብ! አል ጎርም ተሰድቧል። በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ አየር ንብረት ሲያስጠነቅቅ፣ በሌለ አውሬ ሰው የሚያስፈራራ ጅል አደረጉት፤ በ2018 ግን ያፌዙበት አውሬ እውነት ሆኖ መጣና ልጆቹ ደጁ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። የተሳሳተ ቀልድን በሌላ ቀልድ መመለስ ይህ ነው፤ አደንቃለሁ። ግን ይቅርታው የደረሰው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ለነበረ ሰው ነው። ለማርቪንስ?

«ድሮ ስትስቁ አልነበር?» የሳቀው ሌላ፣ የተሳቀበት ሌላ! በሌላው የካርቱን ኮሜዲ፣ በሲምፕሰንስ ውስጥ ህንዳዊውን ባለሱቅ አፑን ለዓመታት ያናገረው ነጩ ተዋናይ ሃንክ አዛሪያ ነው። የህንድ ዝርያ ያለው ኮሜዲያን ሃሪ ኮንዳቦሉ በ2017 በሠራው ዘጋቢ ፊልም፣ ያ አነጋገር የእሱን ቢጤዎች በልጅነታቸው እንዴት የለከፋ ዒላማ እንዳደረጋቸው አሳየ። ይህ ነው መልስ! ሲምፕሰንስ ግን በ2018 «ድሮ የተጨበጨበለት ዛሬ ነውር ከሆነ ምን ይደረግ?» የሚል ሐሳብ በገጸ ባሕርይዋ በሊሳ አፍ አስገባ። ፍትሕ ተጓደለ ብላ እንቅልፍ በማይወስዳት ልጅ አፍ!

አዛሪያ በ2020 ሚናውን ለቀቀ፣ በ2021 ደግሞ ይቅርታ ጠየቀ። እሰየው። በዚያው በ2020 የሲምፕሰንሱ ጥቁር ገጸ ባሕርይ ካርል በጥቁር ተዋናይ በአሌክስ ዴዘርት መናገር ጀመረ። አፑ ግን ከዚያ ወዲህ በሰው መሀል ይታያል እንጂ ቃል አይወጣውም። ለካርል የተገኘ ተዋናይ ለአፑ ምነው ጠፋ? ኮንዳቦሉ አለ፣ ቢጤዎቹ ኮሜዲያን አዚዝ አንሳሪና ሀሰን ሚንሃጅ አሉ። አንዱን ጥሩና አፑን አናግሩት፤ መጀመሪያ የሚተርበውም ሠላሳ ዓመት ሲስቅበት የኖረውን የሲምፕሰንስን አባወራ ሆመርን ይሁን።