የፍየል ቆዳው

ከተከዜ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቀፎዎች ነበሩ። የአንደኛው ማር ነጭ፣ የሌላኛው ቀይ ነው። አደይ ሲፈነዳ ግን የሁለቱም ንቦች ወንዙን እየተሻገሩ ከአንድ ማሳ ይቀስማሉ፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር አበባ ላይ ብትገናኝ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች እንጂ አትጣላም።

በጥቅምት፣ ማር ሊቆረጥ ሲል፣ ሁለቱ አውራዎች ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ ከወዲህ አንድ፣ ከወዲያ ሌላ ይወራል። ያ ጥቅምት የእኛም ጥቅምት ነው፤ ጦርነት የተነሣበትን የ2013ን ጥቅምት የረሳ የሰሜን ሰው አላውቅም። ሁለት ዓመት ተናደፉ። የሠራተኛ ንብ ዕድሜ በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ዓመታት የምትቆየው አውራዋ ናት። እናም የጠቡን የመጀመሪያ ቀን ያዩት ሠራተኞች ሁሉ አልቀው፣ ነገሩን ከመነሻው የሚያውቁት አውራዎቹ ብቻ ቀሩ። ለዕርቅ የተቀመጡትም እነሱው ናቸው።

ዕርቁም በጥቅምት ወረደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያውን የሰላም ስምምነት ዜና ሰምተን እንዳነባነው፣ በቀፎዎቹም ያን ሌሊት እልልታ ሆነ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ሞት መቆሙን የሚያቃልል ሰው ሞት ደጁን አላንኳኳም።

ከዕርቁ በኋላ ከተፈለፈሉት መካከል አንዲት ጠራጊ ነበረች። ንብ ስትፈለፈል የመጀመሪያ ሥራዋ ጽዳት ነው። ጠርጋ ጠርጋ በሩ ጋ ስትደርስ የቀፎው አፍ የተከደነበትን የፍየል ቆዳ አየች። ከላይ እስከ ታች መንደፊያ ተሰክቶበታል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ የደረቀች የመርዝ ከረጢት ተንጠልጥላለች። ቆዳ የነደፈች ንብ መንደፊያዋን ትታ ትሞታለች፤ ሽታዋ ግን እዚያው ይቀርና «እዚህ ንደፉ» እያለ ሌሎችን ይጠራል። በዚያ ቀፎ ሽታው ሳይለቅ ከርሟል። ደጁን የሚጠብቁት በረኞች ጦርነቱን አላዩም፤ ማለዳ ማለዳ ግን ያን ሽታ እየማጉ ይቆማሉ። እግሯ በአበባ ዱቄት ቢጫ ሆኖ፣ ነፋስ አሳስቷት ከማዶ የመጣችውን ሳይቀር በሩ ላይ ጣሏት።

ጠራጊዋ አውራዋ ፊት ቀረበች። «እመቤቴ፣ ቆዳው ይጽዳ» አለች።

«ልጄ፣ የሻረ ቁስል አትንኪ። ሙጫ እናስለጥፍበታለን። አይጥ ቀፎ ገብታ ስትሞት፣ ማውጣት ቢያቅተን በሙጫ እንሸፍናት የለም ወይ?»

«አይጧ ባዳ ናት፣ እመቤቴ። እነዚህ የእኛ ናቸው። ማን ማን እንደሆኑ ሳናውቅ እንዴት ይለጠፍባቸዋል?»

ሙጫው ተለጠፈ። የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ለሰለሰ፣ ሽታውም እንደገና ወጣ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ መልካም ነው። ልጇ የት እንደወደቀ ማንም ያልነገራት እናት ግን ዛሬም ሲመሽ በሯን ገርበብ አድርጋ ትተኛለች። በዚያች በር የሚገባው እውነት ብቻ ነው። የወደቀው በየትኛውም ወገን ይሁን፣ እናትየዋ አንድ ናት።

በማግስቱ ጠራጊዋ ሙጫውን ልጣ አንድ መንደፊያ መንቀል ጀመረች። ሳብ አደረገችው፣ አልወጣም። እግሯን ቆዳው ላይ ተክላ እንደገና ሳበችው። በረኛዋ አየቻት።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይቺ ማን ነበረች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ! ያኔ አልተወለድኩም።»

«እኔም። የምታውቀውን ልጠይቅ።»

መንደፊያውን በአፏ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ አውራዋ እግር ሥር አኖረችው።

«እመቤቴ፣ ይቺ ማን ነበረች?»

አውራዋ ዝም አለች። ጠራጊዋ አልተከራከረችም፤ ተመልሳ ሁለተኛውን አመጣች። ቀጥሎ ሦስተኛውን። ሊመሽ ሲል ዞር ብትል፣ በረኛዋ አራተኛውን በአፏ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።