የውርጭ አጥር

ተረት ተረት። የላም በረት።

በላስታ፣ ከላሊበላ ቀና ሲሉ ደመና ተከናንቦ የሚታይ አንድ ተራራ አለ፤ አቡነ ዮሴፍ ይባላል። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አናቱ ላይ ጓሳ ይበቅላል፣ ጅብራ ዘብ እንደ ቆመ ወታደር ይገተራል፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።

አንድ ዓመት ምንጮቹ ቀጠኑና አራዊቱ ተጣሉ። ጭላዳ፣ «ሣሩን የምግጠው እኔ፣ ተራራውም የእኔ» አለ። ቀይ ቀበሮ፣ «ከዚህ አገር ውጭ በዓለም ዘመድ የለኝም፤ ወዴት ልሂድ?» አለች። ጥንብ አንሳ ሁሉንም ከላይ ስለማየው የእኔ ነው አለ። ከቆላው እርሻ የወጣው በሬ ደግሞ ማረሻ የነካው ሁሉ የባለማረሻው ነው ብሎ ቁጭ አለ። አያ ጅቦ ዝም። የተጣላ ሁሉ ማታ ማታ የሚጥለው ነገር እንዳለ ያውቃል።

በዚህ መካከል እመት ሽመላ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ደረሰች። ጠቡን ብትሰማ ጊዜ ከጎረቤቷ የሰማችውን አወራችላቸው። ጎረቤቷ በየዓመቱ ከአንዱ የምድር ዋልታ ወደ ሌላው የምትመላለስ ትንሽ ነጭ ወፍ ናት።

«በደቡቡ ጫፍ የበረዶ አህጉር አለ» አለች ሽመላ። «ሰባት መንግሥታት የእኛ ነው ብለው ሸንሽነውት ነበር፤ የአንዱ ድርሻ በሌላው ላይ እየተደረበ። ኋላ 12 አገሮች ዋሽንግተን ላይ ተቀምጠው ተፈራረሙ። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ሳይቀሩ፣ ያን ጊዜ ዓይንህን ለአፈር የሚባባሉት!»

(ቀኑን ቆጥሬ ደረስኩበት። በፈረንጅ ዲሴምበር 1 ቀን 1959፣ በእኛ ኅዳር 21 ቀን 1952 ነው። ኅዳር ጽዮን! ፈራሚዎቹ ይህን አያውቁም፤ ላስታ ግን ያን ቀን በዓል ላይ ነበረች።)

«ታዲያ ባለቤቱ ማን ሆነ?» አለ አያ ጅቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ።

«ማንም። የእኔ ነው ያለውን አልነጠቁትም፣ አላጸደቁለትምም። ጥያቄውን ጠቅልለው በረዶው ውስጥ ቀበሩትና ወደ ሥራቸው ገቡ። ጦር አይግባበት፤ ያጠናኸውን ለሌላው አትደብቅ፤ የባልንጀራህን ጎጆ ድንገት ገብተህ ብታይ አይከፋህ፣ እርሱም የአንተን ያያል። በፈረንጅ 1991 ደግሞ ማድሪድ ላይ ማዕድን አይቆፈርበትም አሉ።»

ነገሩ ለአራዊቱ ጣማቸው። ባለቤትነቱን ሳይፈቱት መብላት እንደሚቻል ማን አስቦት ያውቃል? ከመጀመሪያው ጅብራ በላይ እንዳይታረስ፣ ምንጩን ማንም እንዳያደፈርስ፣ አንዱ በሌላው ጉድጓድ ገብቶ ማየት እንዲችል ተማማሉ። በሬው እያጉረመረመም ቢሆን ማለ።

የቀረው የውሻ ነገር ነበር። የእረኛው ውሻ ይዞት የሚወጣው የእብደት በሽታ የቀይ ቀበሮን ቤት በአንድ ክረምት ባዶ ያደርጋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚነግረው ግን ጠፋ። ቀበሮዋ እንኳ ሥጋ ዘመዷ ነውና አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ ሽመላ ነገረችው።

«ምን በደልኩ?» አለ ውሻ። «ጌታዬን ተከትዬ ነው የወጣሁት።»

«የበረዶው አህጉር ውሾችም እንደ አንተ ነበሩ» አለችው። «አሙንድሰን የሚባል ሰው በፈረንጅ 1911 የደቡብ ዋልታን የረገጠው ውሾች ሸርተቴውን እየጎተቱለት ነው። ማድሪድ ላይ በተፈረመው ውል ግን፣ በሽታቸው ወደ ባሕር አውሬዎቹ እንዳይጋባ ተብሎ፣ በፈረንጅ 1994 የመጨረሻዎቹ ከአህጉሩ ወጡ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም።»

ውሻ ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ወርዶ ከመጀመሪያው ጅብራ ሥር ካለው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ፣ ጌታው ቢጠራውም ከዚያ አላለፈም።

ዓመታት አለፉ። ስምምነቱ ጸና፤ ጓሳው አገገመ፣ አይጡ በዛ፣ ቀበሮዋ ወለደች። አንድ ጠዋት ግን ጭላዳ ከገደሉ አፋፍ ሲወጣ ከጅብራው ማዶ ያልለመደውን አረንጓዴ አየ። ገብስ ነው።

«ማን ዘራህ?» ብለው ከበቡት።

«ሰው ነው የዘራኝ» አለ ገብስ። «ድሮም ይሞክረኝ ነበር፤ ውርጩ እየገደለኝ ነው የቀረሁት። አሁን ውርጭ የለም። በሩ ክፍት ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጅብራውን ወሰን ያደረጉት እነርሱ ቢሆኑም፣ አጥሩ ግን ውርጭ ነበር፤ ማንም አላስማለውም፣ ማንም አላመሰገነውም። ሄደው ውርጭን ፈለጉት። ከጫፉ ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው የቋጥኝ ጥግ፣ ኩርምት ብሎ አገኙት።

«ማን አባረረህ?»

«ሙቀት ነው። ከዚህ አገር እሳት የመጣ ግን አይመስለኝም» አለ። «ከሩቅ ነው፤ የብዙ ዘመን ጭስ።»

ሁሉም ወደ ሽመላ ዞሩ። ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ ነበር፤ ሁለተኛውን አወረደች።

«የነጯ ወፍ በረዶም እንዲሁ እያለ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በውሉ ውስጥ ቆፋሪ ተከልክሏል፣ ጦረኛ ተከልክሏል፣ ውሻ ተከልክሏል። የሚያሞቀው ግን እዚያ እግሩ አልረገጠም። እኔም…»

«አንቺም ምን?» አለ ጅቦ።

«ጎጆዬን የሠራሁት ጭስ ማውጫ ላይ ነው።»

መጋቢት ሲገባ ለመሄድ ተነሣች። አራዊቱ መልእክት ሊሰጧት ፈልገው ለማን እንደሚሉት ተቸገሩና አንዲት የጓሳ ዘለላ ብቻ አስያዟት። ስትወርድ ውሻው ከድንጋዩ አጠገብ እንደ ተቀመጠ አገኘችው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነበር፤ ገብሱ በግራና በቀኙ አልፎት ከፍ ብሎ ወጥቷል።

«እመት ሽመላ» አላት፣ «እዚሁ ልጠብቅ?»