ወይ ፍንክች!

የሌሊት ፎቶ ልማር ብዬ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። እስካሁን ጥርት ብሎ የወጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ዳር ካለ ሕንፃ በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡ ጥበቃ።

መቼም ሌሊት ብርሃን እንደ ልብ አይገኝም፤ ካሜራው 30 ሰከንድ ያህል ዓይኑን ሳይከድን መጠበቅ አለበት። በዚያ መሃል የተንቀሳቀሰ ሁሉ አለቀለት። ወደ ፒያሳ የሚወጣው ሚኒባስ ከነወያላው ተንኖ ቀይ መስመር ብቻ ይተዋል። የዛፉ ቅጠል እንኳ በነፋስ ይደበዝዛል። እሳቸው ወይ ፍንክች!

ይህ የእኔ ዕጣ ብቻ አይደለም። በ1838 እ.ኤ.አ. ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ አንድ የፓሪስ ጎዳና ከፎቅ ላይ ሆኖ አነሳ። ቀን ነው፤ ግን የያኔው የፎቶ ሳህን ምስል ለመቅዳት ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር። ጋሪው፣ ፈረሱ፣ እግረኛው ሁሉ በነነ። አንድ ሰው ግን ቀረ። ለምን? ጫማውን እያስጠረገ ነበራ! በፎቶ ታሪክ መጀመሪያ ከታዩት ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነው። ሊስትሮው ራሱ ደብዘዝ ብሏል (ሠሪው ደብዝዞ አሠሪው ጥርት ብሎ መውጣቱ ያኔም ነበር ማለት ነው)። የአራት ኪሎ ሊስትሮ ቢሆን ኖሮ «ሶሉም ለቋል» ብሎ እስኪሰፋለት ድረስ ሰውየው የጢሙ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠር ነበር።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። አርብ ማታ ትሪፖዴን ዘርግቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ 20ኛው ሰከንድ ላይ ስደርስ ባትሪያቸውን ሌንሱ ላይ ለቀቁብኝ።

«አንተ! ፈቃድ አለህ?»

አጠገቤ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ሰቅሎ ያንኑ መንገድ በቪዲዮ ይቀርጻል። እሱን የጠየቀው የለም። እኔ ሦስት እግር ስለጨመርኩ ሰላይ! ይህ ነገር በእውነት ያበግነኛል። የትኛው ሰላይ ነው መንገድ ዳር ትሪፖድ ተክሎ ግማሽ ሰዓት የሚገተረው? ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም፤ መከልከሉን ግን ሁሉም ያውቃል።

ንዴቴን ውጬ ቀደም ብዬ ያነሳኋቸውን ፎቶ አሳየኋቸው።

«መኪኖቹስ?»

«ጠፉ፣ አባባ።»

«እኔ እንዴት ቀረሁ?»

«ስላልተንቀሳቀሱ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ስዞር ነው የማድረው! ይህን አለቃዬ እንዳያየው።»

ከዚያ ወዲህ ትሪፖድ ካዩ ብድግ ብለው፣ ባትሪያቸውን አብርተው ይንጎራደዳሉ። አሁን እሳቸውም ጠፍተዋል፤ በመንገዱ ላይ የተንሻፈፈ ነጭ መስመር ቀርቷል። ትናንት ተስፋ ቆርጬ ወደ ጨረቃ ዞርኩ። ለካ እሷ የፀሐይ ብርሃን ያረፈባት ድንጋይ ስለሆነች ፎቶ የምትነሳው እንደ ቀን ነው፤ እኔ 30 ሰከንድ ሰጥቻት እንቁላል ሆና ወጣች።

«እሷንም ያለ ፈቃድ ነው?» አሉ ከጀርባዬ።