ከስድስተኛ አሳልፎ ሰባተኛ ላይ የመጣል ዘዴ

ልዩ ፍላጎት ያለውን ተማሪ ከትምህርት ገበታ ለማስወጣት ማባረር አያስፈልግም። ማባረር ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ደብዳቤ ፊርማ ይፈልጋል፣ ፊርማ ደግሞ ተጠያቂ ያመጣል። ብልህ ርዕሰ መምህር ልጁን አስጨብጭቦ ያሳልፈዋል፤ የቀረውን መንገዱ ይጨርስለታል። ምክሩ የተዘጋጀው ለአሶሳና ለአካባቢዋ ባልደረቦቼ ነው፤ የሌላ ክልል ሰው ቢጠቀምበትም ቅር አልሰኝም።

ዘመኑ ደግሞ ይረዳዎታል። ቀድሞ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ አንደኛ ደረጃ ስለነበር ልጁ የሚያውቁት መምህራን ሳይርቁት ስምንት ዓመት ይቆይ ነበር። በ2015 የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛውን ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ አድርጎታል። ግቢው ከተለየ፣ ልጅ የሚጠፋበት በር አንድ ጨመረ ማለት ነው።

የሰኔ ወር ዋና ሥራዎ ምንም አለመጻፍ ነው። መስማት የሚቸገረውን ልጅ ያስተማረችው መምህርት ብዙ ነገር ታውቃለች። በቀኝ ጆሮው ትንሽ እንደሚሰማ፣ ስለዚህም ከክፍሉ በስተግራ ፊት መቀመጥ እንዳለበት ታውቃለች። ትከሻውን ነካ ካላደረጉት ዞር እንደማይል፣ ጥያቄ ሲገባው ሳይሆን ግራ ሲገባው ፈገግ እንደሚል ታውቃለች። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ደግሞ ጨርሶ አይሰማም፤ ያኔ ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈለት ትምህርቱ አመለጠው። የአሶሳ ዝናብ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ይህ ማለት አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያሳልፋቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማለት ነው። ሁሉም ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። እንዳይጻፍ። ካርዱ ላይ አማካይ ውጤቱ፣ ጠባዩና «ተዛውሯል» የሚለው ቃል ይበቃል።

ማየት የተሳናት ተማሪ ካለችዎት ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። መልቀቂያ የሚሰጠው ከንብረት ነጻ ለሆነ ነው። ብሬል የምትጽፍበት ስሌትና ስታይለስ የትምህርት ቤቱ ንብረት ስለሆነ በሞዴል 19 ገቢ ታድርግ። ሌላ ብሬል የሚጽፍ ተማሪ ባይኖርም ግድ የለም፤ ኦዲተር የሚቆጥረው ዕቃ ነው። ተማሪዋ ባዶ እጇን ሰባተኛ ክፍል ገብታ ስታዳምጥ ትውላለች። ማስታወሻ አልያዘችም ተብላ ብትቀጣ ጥፋቱ የተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው።

ቋንቋ በክልላችን የተሰጠን ልዩ ጸጋ ነው። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በታችኛዎቹ ክፍሎች ይሰጣሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ከሆሞሻ ወይም ከመንጌ የመጣ ልጅ ሲጠሩት ዝም ካለ «አማርኛ አይገባውም» ይበሉና ይለፉት። ጆሮውን ማስመርመር የሚታሰበው የእናቱን ቋንቋም እንደማይሰማ ከታወቀ ነው፤ ያንን የምታውቀው ደግሞ እናቱ ስለሆነች አይጠይቋት። በተቃራኒው አማርኛ ብቻ የቸገረውን፣ ሌላ ምንም የሌለበትን ልጅ «ዘገምተኛ» ብለው ይመዝግቡት። የልዩ ፍላጎት ቁጥርዎ ከፍ ይላል፤ ሪፖርቱም ያምራል።

በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ሁለት ልጆች አብረው ካለፉ አንዱ 7ኛ ሀ፣ ሌላው 7ኛ ለ ይመደቡ። ይህ ፍትሐዊ ስብጥር ይባላል። አንድ ላይ ከተቀመጡ ያመለጣቸውን ለመነጋገር ስለሚችሉ ዘዴው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቆ የመጣ መምህር ከተላከልዎ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይስጡት። የድጋፍ መስጫ ማዕከል ካለዎት ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ይሁን፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ይሁኑ።

ሕግ አለ የሚል ሰው አይጠፋም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 አጽድቃለች፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ወጥቶ በ2004 ተሻሽሏል፤ የሕንፃ አዋጁ ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዛል። አይደንግጡ፣ ራምፑን ያሠሩና ፎቶ ያንሱት። ከራምፑ እስከ ሽንት ቤት ያለውን ግን ለጭቃው ይተዉት፤ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ሌላም ዘዴ አለ፤ በካማሺና በመተከል ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበርና ከዚያ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ካለ «ፋይሉን ያምጣ» ማለትም ያዋጣል።

እናትየው ሰኔ ላይ መጥታ «ልጄ ወዴት ነው?» ብትል፣ «እናታችን፣ አይጨነቁ፤ እዚያ ያሉት ይረከቡታል» ይበሏት። መስከረም ላይ እዚያ ስትሄድ «ከመጣበት ይጠየቅ» ይሏታል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ሁለት ሦስቴ በባጃጅ ከተመላለሰች በኋላ መሳፈሪያውም ያልቃል። እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ እያልን ጆሮው የማይሰማው ልጇ ነው መባሉ ብቻ ትንሽ ያስቃል።

ጥቅምት ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ይጠፋል። ሮስተሩ ላይ «አቋርጧል»፣ ምክንያቱ ላይ «የቤተሰብ ችግር» ይጻፍ። ብቻዎን አይደሉም፤ የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሔቶችም ሁለተኛ ደረጃ የሚገኙት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ከአንደኛ ደረጃዎቹ እጅግ ያነሱ መሆናቸውን ያሳያሉ።

ይህን ምክር የማይፈልግ ርዕሰ መምህር ካለ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያችን ግማሽ ገጽ አጽፎ፣ ስታይለሱን በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ፣ ልጁን ከእናቱና ከመምህርቱ ጋር አዲሱ ግቢ ድረስ ይውሰድና ተቀባዩን መምህር በስሙ ያስተዋውቃቸው። ክረምት ከገባ መምህርቷ አትገኝም፤ ሰኔ ሳያልቅ ያድርጉት።