ፀሐይ በቅጽ በቅጽ ስትጠልቅ

ስፔን ውስጥ ኢቢዛ የምትባል ደሴት አለች፤ እዚያ ሰው ለፀሐይ ያጨበጭባል። ቀልዴን አይደለም። በደሴቲቱ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ሳንት አንቶኒ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ወንበር ተደርድሮ፣ ፊት ሁሉ ወደ ውሃው ዞሮ፣ ብርጭቆ በእጅ ተይዞ ይጠበቃል። ጀንበሯ ውሃውን ነክታ ስትሰምጥ ጭብጨባው ይቀልጣል። እኔ ባደግሁበት አገር ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከብት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ልጅ ከመስክ ይጠራል። ማታ ማፏጨት እንኳ ሰይጣን ይጠራል እየተባልን ነው ያደግነው። ለምትጠልቅ ፀሐይ ያጨበጨበ ጎረምሳ ቢገኝ ኖሮ በማግስቱ ጠበል ይወሰድ ነበር። ደግሞስ ምን አዲስ ነገር አደረገች? ትናንትም ጠልቃለች።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፍራንክፈርት በሚኖረው የእህቴ ልጅ የተነሳ ነው። እኛ እዚህ የሐምሌን ጭቃ ስንረግጥ እሱ ኢቢዛ ከርሞ፣ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የገለባ ባርኔጣና አንድ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። ባርኔጣው ይጠቅማል። ሲዲው «ካፌ ዴል ማር፣ ቅጽ አንድ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄን ሲሰሙ ጭንቀትዎ ሁሉ ይለቅዎታል» አለኝ።

ጭንቀቴን ማን ከሰሰብህ? አብሮኝ ያረጀ ጭንቀት ነው፤ እሱ ከሄደ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?

ቤቱ፣ ሲዲው ስሙን የወሰደበት የሳንት አንቶኒው ካፌ ዴል ማር ማለቴ ነው፣ የተከፈተው በ1980 ነው፤ ዓመቱን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ጉዳዩ የእነሱ ስለሆነ። የነደፈው ሊዊስ ጉዌል የሚባል ካታላናዊ ነው። ኢቢዛ በ1960ዎቹ ጸጉራቸውን ያሳደጉ ሂፒዎች የሰፈሩባት፣ ኋላ ደግሞ ዳንስ ቤት የበዛባት ደሴት ናት፤ ፓቻ በ1973፣ አምኔዥያ በ1976 ተከፍተው ስንቱን ትውልድ አስጨፍረዋል። ጎረምሳው እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ቀን ይተኛል፣ ሲመሽ ይነሳል። እንግዲህ ጀንበር የምትጠልቅበት ሰዓት ለእሱ ማለዳ መሆኑ ነው። ራሱን እየያዘ የተነሳ ሰው ጆሮው ስለማይችል ለስለስ ያለ ነገር ይከፈትለታል። ነገሩ እንዲህ ሲብራራልኝ ገባኝ። ግን እኔ ሌሊቱን አልጨፈርሁም። ምን በደልሁና ነው ከማስታገሻው የምካፈለው?

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኢቢዛ ላይ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት እራቴን በልቼ፣ ዜና ሰምቼ፣ ዜናውን ተራግሜ፣ ተኝቼ አንድ ዙር ነቅቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሲያስረዳኝ ጥፋቱ የፀሐይዋ ብቻ አይደለም። ደሴቲቱ በካርታ ላይ ከግሪንዊች መስመር ብዙም አትርቅም፤ ሰዓቷም ከለንደን ጋር ቢገጥም በተገባ። ጄኔራል ፍራንኮ ግን በ1940 የስፔንን ሰዓት ከመካከለኛው አውሮፓ፣ ከበርሊኑ ጋር እንዲገጥም አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋው። ጦርነቱ አለቀ፣ ፍራንኮም ሞተ፣ ሰዓቱን የመለሰው የለም። በዚያ ላይ በጋ ሲገባ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምሩበታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ወንበር ይዞ የሚጠብቀው የአንድ አምባገነን የእጅ ሰዓት እስኪሞላ ጭምር ነው። የእኛዋ ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አልፋ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ሰው አታጉላላም። ለዚህ ይሆናል ጭብጨባ የቀረባት።

በታኅሣሥ ደግሞ እዚያው ኢቢዛ ከ12 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ያን ጊዜ አብዛኛው መዝናኛ ቤት ዘግቷል፣ ጎብኚው ተበትኗል፣ ወንበሩ ተደራርቧል። ፀሐይዋ ያችው ናት፣ ባሕሩም ያው። ፍቅራቸው ለእሷ ከሆነ ካፖርት ደርበው ለምን አይመጡም?

ወደ ሲዲው ልመለስ። ቤቴ ያለው ማጫወቻ ከካሴት በቀር አይቀበልም፤ የእህቴ ልጅ ግን ከሻንጣው አንድ ትንሽ ማሽን አውጥቶ ጀመረው። በመጀመሪያ «አግዋ» የሚባለው መጣ፣ የአዘጋጁ የሆሴ ፓዲያ የራሱ ሥራ። ቀጥሎ የእንግሊዙ የዊሊያም ኦርቢት። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ማወቅ ያዳግታል፤ የሰው ድምፅ ቢመጣም ከሩቅ ሽው ብሎ ያልፋል። አዝማች የለ፣ ተቀባይ የለ። ሲዲው በሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ፀሐይዋ ግን አንዴ ውሃውን ከነካች ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው የሚበቃት። «የተረፈው ሰዓት ለማን ነው?» ብለው፣ «ለድባቡ ነው ጋሼ» አለኝ። ድባቡ ዕድሜ ጠግቧል እንግዲህ።

«ስሞክቤልች 2» የሚባለው የሴበርስ ኦፍ ፓራዳይዝ ሥራ ጋ ስንደርስ የልጁ ፊት በራ። «ይሄ ከበሮው የወጣለት ቅጂ ነው» አለኝ በኩራት። ከበሮው የወጣለት! ሙዚቃው ተደርሶ፣ ተቀርጾ፣ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ከበሮውን ለቅመው አውጥተውታል። እኔ የማውቀው ከበሮ የሚቆመው በዐቢይ ጾም ነው፤ ያውም በሥርዓት፣ ለፋሲካ ሊመለስ። እነዚህ በሐምሌ ያስጾሙታል። ከበሮው ወጥቶ የቀረው ዜማ ግን፣ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ ደስ ይላል። የሠራው አንድሩ ዌዘረል የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ2020 ሞተ።

ከሁሉም የበለጠችው ግን የፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራ ናት። የቡድኑ መሪ ሳይመን ጄፍስ ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ መንገድ ላይ የተጣለ ሃርሞኒየም አግኝቶ ነው በእሱ የደረሳት። ሰው የጣለውን አንስቶ ዜማ ማውጣት ለእኔ ቁም ነገር ነው። ዜማዋ ትሽከረከራለች፣ ትፈጥናለች፣ ልብ ታንጠለጥላለች፤ የአየርላንድ የባህል ተጫዋቾች ሰምተው የራሳቸው እስክትመስል ድረስ ወስደዋታል። እግሬ ሲነቃነቅ የእህቴ ልጅ አየኝ። ትንኝ ነው አልሁት።

ስለ ሆሴ ፓዲያ ክፉ አልናገርም። ባርሴሎና ተወልዶ በ1975 ወደ ደሴቲቱ የመጣ ሰው ነው። ከ1991 ጀምሮ የካፌው ዲጄ ሆኖ፣ ጀንበሯ ስትወርድ በዓይኑ እያየ ሸክላ ሲመርጥ ኖረ። ከዚያ በፊት ምርጫዎቹን በካሴት ቀድቶ ሂፒዎቹ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው እኛም እናውቀዋለን፤ ጆሮ ያለው፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ የሚያውቅ፣ የጠየቅኸውን ብቻ ሳይሆን መስማት ያለብህንም የሚቀዳልህ ሙዚቃ ቤት በየሰፈሩ ነበረን። በ1994 ሪአክት የሚባል የእንግሊዝ አሳታሚ ምርጫውን በሲዲ አወጣለት። እስከ ቅጽ ስድስት ያዘጋጀው እሱ ነው። በ2020 እዚያው ኢቢዛ በ64 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። የእህቴ ልጅ ያን ካሴት ፈልጎ ቢያመጣልኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልተነጫነጭሁ፤ ማጫወቻም አለኝ።

የምነጫነጨው በተከታዮቹ ነው። ፓዲያ ከሄደ በኋላ ብሩኖ ሌፕሬትር የሚባለው ተተካ፣ ቅጽ ሰባት ወጣ፣ ስምንት ወጣ፣ እያለ እያለ ከ20 አልፏል። ቡና አቦል አለው፣ ቶና አለው፣ በረካ አለው፤ ከዚያ ጀበናው ይታጠባል። ሃያኛውን ዙር ቡና ጠጥቶ የመረቀ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። አተላው እንኳ እስከዚያ ድረስ ታግሶ አይቆይም።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ያዝሁት ብሎ፣ «ኢትዮፒክስስ ጋሼ? እሱስ 30 ገደማ አልደረሰም?» አለኝ። ተማርሁ ባይ! ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ወዲህ ያሰባሰበው እኮ የእኛኑ ሸክላ ነው፤ እነ አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ በገዛ ገንዘባቸው ደፍረው ያሳተሙትን። አንዱ ቅጽ የሙላቱ ነው፣ አንዱ የማህሙድ፣ አንዱ የጌታቸው መኩሪያ፣ አንዱ የአለሙ አጋ በገና። በየቤቱ የተፈላ የየራሱ አቦል ነው። ደግሞ ጥላሁን ሲዘፍን ጀርባህን ሰጥተህ ባሕር የምታይ ከሆነ ጥፋቱ የአንተ ነው፤ ዘፈኑ እንድትረሳው አልተሠራም።

ቁጭቴም እዚሁ ላይ ነው። ፓዲያ የመረጠው ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓይነት ብርሃን ነበር። በዚያች ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር እያየ ነው። ሲዲው ሲሸጥ ግን ሌሎች ነጋዴዎች ሸተታቸው። በ1999 ክሎድ ሻል የፓሪሱን ቡድሃ ባር አልበም አወጣ፤ በዚያው ዓመት ስቴፋን ፖምፑኛክ ሆቴል ኮስት የሚለውን። ከዚያ ወዲያ ሙዚቃውን ያላሳተመ ሆቴል ምግብ የማይችል ይመስል ጀመር። ፀሐይዋም ባሕሩም ቀርተው ለስላሳነቱ ብቻ ተገንጥሎ ወጣ፤ ልክ እንደዚያ ከበሮ።

ነገሩ ሥር ያለው ነው። ኤሪክ ሳቲ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ፣ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ማንም ልብ የማይለው የቤት ዕቃ ሙዚቃ ልስጣችሁ ብሎ በ1920 ፓሪስ ውስጥ አንድ የሥዕል አዳራሽ ላይ አስጫወተ። ሕዝቡ ጨዋ ሆነና ሙዚቃው ሲጀምር ወሬውን አቁሞ ቁጭ ብሎ ያደምጥ ጀመር። ሳቲ ተናደደ፤ በመካከላቸው እየተሯሯጠ እንዲያወሩ፣ ወዲያ ወዲህ እንዲሉ፣ እንዳይሰሙ ለመናቸው አሉ። ምስኪን፣ ጊዜውን ስቶ ነው። ዛሬ ቢመጣ ሕልሙ ሞልቶለት ባገኘው። ብራያን ኢኖም በ1978 ለአየር ማረፊያ የሚሆን አልበም ሠርቷል፤ እሱ ይሁን፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ሰው ከመጠበቅ በቀር ምን ሥራ አለው? የዛሬው ግን ልክ የለውም። ካፌ ብትገባ ያው ነው፣ ሊፍት ብትገባ ያው፣ ባንክ ስልክ ደውለህ «ይጠብቁ» ብትባል ያው። በገናም እኮ ለስላሳ ነው። ነገር ግን በገና ሲደረደር እግር ሰብስበህ፣ አንገት ደፍተህ፣ ኃጢአትህን እየቆጠርህ ነው የምትሰማው። ለስላሳ ማለት አትስሙኝ ማለት ነው ብሎ ያስተማረን ማነው?

በቀደም ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሰው ጉንጩን ይዞ ተደርድሯል፣ ከውስጥ መቦርቦሪያው ያቃጭላል፣ ከጣሪያው ላይ የኢቢዛ ማዕበል ሽ…ሽ… ይላል። የምሽት ሙዚቃ፣ በጠራራ ጠዋት፣ ባሕር በሌለው አገር! መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ ጠርቼ ምንድነው ይሄ አልኋት።

«ዘና እንዲሉ ነው አባባ።»

«ዘና እንድል ከፈለጋችሁ ዋጋውን ቀንሱ።»

ሳቀች፣ ጥሩ ልጅ ናት። መዝጋት አልችልም፣ ታዝዤ ነው፣ መቀየር ግን እችላለሁ አለች። ያችን የሃርሞኒየም ዜማ ነገርኋት። ስሟን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ስልኳን ነካክታ አገኘችው፣ ለቀቀችው። ጉንጩን ይዞ የነበረ አንድ ሰውዬ ቀና አለ። አንዲት እናት ያቀፈችው ሕፃን በእግሩ ወንበሩን መምታት ጀመረ፣ ያውም በልኩ። ከጥግ ያለው ወጣት ስልኩን ወደ ኪሱ ከትቶ «ይሄ የማነው?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ስለ ኪዮቶ ልነግረው ወደ እሱ ዞርሁ።

ልጅቷ ግራ ቀኙን አየችና ደነገጠች። «አይ አባባ፣ ይሄማ ሰው ይረብሻል» ብላ ባሕሩን መልሳ ከፈተችብን።