100 ዲግሪ የማይደረስበት አገር

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ይህን የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ የለም፤ በዓይኑ ያየው ግን እምብዛም ነው። ዳሎል ወርዶ፣ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ያፈላ ካለ እሱ ይመስክር። ሌሎቻችን ዕድሉን አላገኘንም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90ን አለፍ እንዳለ። እኔ በማስተምርበት በሚዛን ተፈሪ፣ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ 95 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ወደ ቴፒ ወረድ ሲሉ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨመራል። በ100 ዲግሪ የሚፈላው የብሔራዊ ፈተና ውሃ ነው። እሱም ቢሆን እሳት አይፈልግም፤ ክቡን በእርሳስ በደንብ ካጠቆሩለት ይፈላል።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን ስለ ጋዞችና ፈሳሾች ሳስተምር፣ “ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?” ብዬ ብጠይቅ፣ ሁልጊዜ መስኮት መስኮቱን የሚያይ አንድ ልጅ ዞር ብሎ፣ “የት፣ ቲቸር?” አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ልጁ ግን ከመጽሐፉ በልጦ ነበር። ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከመፍያው ላይ አንድ ዲግሪ ገደማ ይነሳል። ስለዚህ ቦታውን ሳይነግሩ ዲግሪውን መጠየቅ፣ መነሻውን ሳይናገሩ ታሪፍ እንደ መጠየቅ ነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማስረዳት አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ ለመጣችው አክስቴ ለማስረዳት ነው። ባቄላ ንፍሮ ጥዳ ገና ወሬ ሳትጀምር በሰለባት። “የዚህ አገር ባቄላ ጨዋ ነው፤ አያስለፋም” አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ። ባቄላው ያው ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ መሆኑን፣ ልዩነቱ የውሃው ሙቀት መሆኑን፣ ሚዛን ላይ የሚፈላ ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚፈላው በአራት ከዚያም በላይ ዲግሪ እንደሚበልጥ፣ እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከመፍያው በላይ እንደማይሞቅ ዘረዘርኩላት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ፣ “እንጨቱ ነው” አለች።

ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የለውም ብለን እናማርራለን። እውነት ነው፣ የለውም። ግን ከአዲስ አበባ ሚዛን ያለው ከ550 ኪሎሜትር በላይ መንገድ እንዳለ ላቦራቶሪ ነው፤ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ባዶ ሃይላንድ ብቻ። ውሃውን አዲስ አበባ ላይ ጠጥተው ክዳኑን ጥብቅ ያድርጉና ጠርሙሱን ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት። እስከ ወልቂጤ ብዙም አይነቃነቅም። የጊቤ ቁልቁለት ሲጀመር ጎኑ መግባት ይጀምራል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጭምድድ ብሏል። ወደ ሶኮሩ ዳገቱን ሲወጡ ቀና ይላል። ከቦንጋ በኋላ ወደ ሚዛን ሲወርዱ ደግሞ ሳይታሰብ “ጧ!” ብሎ ይገባና ያንቀላፋውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ምክንያቱ ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ነው፤ ሙቀቱ ካልተለወጠ የታመቀ ጋዝ ግፊቱ በጨመረ መጠን ይዞታው ያንሳል። የአዲስ አበባ አየር በባሕር ወለል ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው ያለው፤ የሚዛን 84 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋ አየር ሚዛን ሲደርስ ከይዞታው አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህን ሁሉ ከጎኔ ለተቀመጠ መንገደኛ አንድ ጊዜ ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። ጠርሙሱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ “ፎርጅድ ነው፤ ፕላስቲኩን አቅጥነውታል” አለ። ጆሮው ተደፍኖ ስለነበር እየጮኸ ነው የተናገረው። ጆሮውንም የደፈነው ያው ቦይል ነው፤ እሱ ግን ማስቲካ ገዝቶ ዝም አሰኘው።

መጽሐፍ የሚያስተምረው ጋዝ “ፍጹም ጋዝ” ይባላል። ቅንጣቶቹ ቦታ አይዙም፤ እርስ በርስም አይሳሳቡም። እንዲህ ያለ ጋዝ በዓለም ላይ የለም፤ ከሚዛን ቴፒ በሚጭኑ የሚኒባስ ረዳቶች ጭንቅላት ውስጥ ግን አለ። “ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ፣ አንድ ሰው ነው!” ይላል ረዳቱ። ለእሱ ተሳፋሪ ይዞታ የሌለው ቅንጣት ነው። ዶሮ የያዙት እናትም፣ ኮረሪማ በማዳበሪያ ያቀፈው ነጋዴም፣ እግሩ ከመኪናው የሚረዝመው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ዜሮ ቦታ ነው የሚይዙት። ይህን ስህተት ያረመው ሆላንዳዊው ቫን ደር ዋልስ ነው። እንደኔው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በ1873 በጻፈው የዶክትሬት ጽሑፍ ቅንጣቶች ቦታ ይይዛሉ፣ ይሳሳባሉም አለ። መሳሳቡን ለማየት እስከ መንገዱ አጋማሽ መታገሥ ነው። የአንዱ ተሳፋሪ እህት የነጋዴውን ያጎት ልጅ ማግባቷ ይታወቃል፤ ተማሪው የዶሮዋ ባለቤት የክርስትና ልጅ ጓደኛ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ዝናቡ ይጀምራል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ይጠጋጋል፤ ያን ጊዜ ጋዝነቱ ቀርቶ ፈሳሽ ሆነናል ማለት ነው። ቫን ደር ዋልስ ለዚህ ሥራው በ1910 ኖቤል ተሸለመ፤ ጽሑፉ ከወጣ ከ37 ዓመት በኋላ። እኔ ገና ጊዜ አለኝ።

ወደ ቡናው ልምጣ፤ እዚህ አገር ወደ ቡና የማይመጣ ወሬ ያልተሟላ ነው። የቤት አከራዬ እማማ ቡና ሲቆሉ ፍሬው 200 ዲግሪ እየተጠጋ ሲሄድ “ጧ ጧ” ይላል። ውስጡ የታፈነው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ፍሬውን የሚሰነጥቀው። በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን በሩ ላይ ይቆማሉ። “እንዲያው ሳልፍ ነው...” ይላሉ።

እኚህ ሴት የጋዝ ሥርጭት የሚባለውን ትምህርት አበላሽተውብኛል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሙከራ እንዲህ ነው፦ አስተማሪው ከፊት ሽቶ ይከፍታል፣ የሸተተው እጁን ያወጣል፤ እጆች ከፊት ወንበር ወደ ኋላ በየተራ ይወጣሉ። በእኔ ክፍል የመጀመሪያው እጅ የሚወጣው ከኋላ ወንበር ነው፣ ሽቶው ሳይከፈት። ሙከራው ራሱም ትንሽ ያታልላል። በአየር ውስጥ ያለ ሞለኪውል በሰከንድ 500 ሜትር ያህል ይበራል፤ የሚያግደው ባይኖር ከሚዛን ቴፒ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ነገር ግን በየሰከንዱ በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ከሌሎች ጋር ይጋጫል፣ አቅጣጫው ይጠፋበታል። አየሩ ፍጹም ቢረጋ፣ ሽታ ብቻውን አንድ ክፍል ለማቋረጥ ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ሽታውን ጎረቤት የሚያደርሰው ነፋሱና የሚነሳው ትኩስ ጭስ ነው። ጎረቤታችንን ምን እንደሚያደርሳቸው ግን ነፋስም ጭስም አይመልስልኝም። ከሽታው ቀድመው ይደርሳሉ።

ጀበናው ሲጣድ ደግሞ የፈሳሽ ምዕራፍ ይጀመራል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዞታው ከ1,600 ጊዜ በላይ ያድጋል። አንድ ሲኒ ውሃ በሙሉ ቢተን ሠርግ የሚበቃ ሲኒ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ግን በጀበናዋ ቀጭን አንገት ነው ማለፍ ያለበት። አረፋውን ገፍቶ ይወጣል፣ ቡናው ይገነፍላል። እማማ ፈጠን ብለው ትንሽ በሲኒ ይቀዱና ቀዝቀዝ ያለውን መልሰው ይጨምሩታል፤ ሙቀቱ ከመፍያው ይወርዳል፣ አረፋው ይተኛል። ይህን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ “ጀበናው” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማብራሪያዬን ለተማሪዎቼ አስቀምጫለሁ።

ከፈላው ይልቅ የሚያስቸግረው ያልፈላው ነው። ደቡብ ምዕራብ ማለት ዝናቡ ለመምጣት የማይሰንፍ፣ ለመሄድ የሚሰንፍበት አገር ነው። ካልሲ ታጥቦ ይሰጣል፤ ማግስቱንም እዚያው ነው፣ ከዚያም እዚያው ነው። ውሃ ለመትነን መፍላት አያስፈልገውም፤ ከላዩ ያለው አየር ግን ቦታ ሊሰጠው ይገባል። አየሩ እንፋሎት ከጠገበ ከካልሲው የሚወጣውን ያህል ሞለኪውል ወደ ካልሲው ይመለሳል። ጆን ዳልተን በ1801 እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ ግፊት እንዳለው የደረሰበት ስለ አየር ጠባይና ስለ እርጥበት ሲመራመር ነው። የሚኖረው ዝናብ በማይለያት ማንቸስተር ነበር፤ ከ1787 ጀምሮ እስከሞተበት 1844 ድረስ የአየሩን ሁኔታ በየቀኑ ሲመዘግብ ኖሯል። ሚዛን ቢመደብ ኖሮ ቤቱን ያገኘ ይመስለው ነበር። በሞቀና በጠገበ ቀን እዚህ ከምንተነፍሰው 100 ሞለኪውል ሦስት አራቱ ውሃ ነው። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው “አየሩ ከብዷል” ይላል። የውሃ ሞለኪውል ከናይትሮጅንም ከኦክስጅንም ስለሚቀል እርጥብ አየር ከደረቁ ይቀላል፤ ይህን ግን ላብ ያጠመቀው ሰው ፊት አላነሳም።

ለቡና ገበሬው ነገሩ ቀልድ አይደለም። እሸት ቡና ሲለቀም ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው፤ ለመጋዘን የሚበቃው እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ጠገበ አየር ነው መውጣት ያለበት። ለዚህ ነው አልጋ ሠርተው ከመሬት ከፍ የሚያደርጉት፤ አየሩ ከሥርም ከላይም እንዲያልፍ። ቀን ሲገለብጡት ይውላሉ፣ ደመና ሲያዩ ሮጠው ይሸፍኑታል። መድረሱን የሚያውቁት ጀንፈሉን እፍኝ ይዘው ጆሮ አጠገብ በማንኳኳት ነው፤ ፍሬው ውስጡ ከተንቀጫቀጨ ደርቋል። አንዳንዱ ደግሞ በጥርሱ ይነክሰዋል።

እማማ አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው የሸካ ማር ይልካሉ። ያለፈው ጀሪካን መንገድ ላይ ክዳኑን ገፍቶ ወጥቶ የአንድ ባለ ካፖርት ሻንጣ አጣፍጦ ደረሰ። ልጅቱ ደውላ አለቀሰች፣ ባለ ካፖርቱም ደውሎ ተቆጣ። እኔም ይህችን ዕድል አላሳለፍኳትም። ከማሩ በላይ የቀረው ባዶ ቦታ በሚዛን አየር የተሞላ መሆኑን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ስምንተኛ እጅ ያህል ልስፋ እንደሚል፣ ውሃ የበዛበት ማር ደግሞ መንገድ ላይ ጠጅ ልሁን ብሎ እየፈላ የራሱን ጋዝ እንደሚጨምርበት ነገርኳቸው። በመጨረሻም፣ “ስለዚህ እማማ፣ በደንብ የበሰለ ማር መርጠው እስከ አፉ ጢም አድርገው ይሙሉት፤ አየር አያስቀሩበት” አልኳቸው።

ጀሪካኑን ወደ ብርሃን አንስተው ባዶውን ቦታ በጣታቸው ለኩ።

“እዚች ላይ ግማሽ ኪሎ ትገባለች።”

“ትገባለች፣ እማማ።”

“ታዲያ የግማሽ ኪሎውን ብር ማን ሊከፍል ነው መምህር፤ አንተ ነህ፣ ወይስ ያ ቦይል የምትለው ሰውዬ?”