የእትዬ ሲዲ

«ሲዲውስ?» አለ ሰርጀኑ የአክስቴን የሲቲ ስካን ፊልም መብራቱ ላይ ለጥፎ ትንሽ ካየ በኋላ። አውጥቼ ሰጠሁት። ሲከፍተው የወጡት ፊልሙ ላይ ያሉት ምስሎች ብቻ ነበሩ። «በእነዚህ ስሪ ዲ አይሠራም፤ ስሱዎቹን ቁርጦች አምጡልኝ» አለን።

አክስቴ እትዬ ቦሌ ሚካኤል ብዙ ዓመት ብትኖርም ልጅነቷ ያለፈው ገጠር፣ በግና ውሻ መሀል ነው። አልትራሳውንዱ ጉበቷ ላይ ያሳየው ውሃ የቋጠረ ከረጢትም ከዚያ ዘመን የመጣ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ከረጢቱን የሚያመጣው ትል ውሻ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከዓይነ ምድሩ ጋር የወጣው እንቁላል በእጅ ወይም በምግብ ሰው ሆድ ከገባ ጉበት ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ያድጋል። ደቡብ ኦሞን በመሳሰሉ የአርብቶ አደር አካባቢዎች የታወቀ በሽታ ነው። ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ በከባድ አለርጂ ሊገድል ስለሚችል እንዲሁ በመርፌ አይነካም።

ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ እ.ኤ.አ. በ1957 ጉበትን በስምንት ክፍል ለይቶታል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የደም መግቢያ አለው። ሰርጀኑ የፈለገው ከረጢቱ በየትኛው ክፍል እንዳለና ከየትኛው ደም ሥር ጋር እንደተጠጋ ማወቅ ነበር። ለዚህ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነው ስስ ቁርጦች በኮምፒውተር ተደራርበው ጉበቱን መልሰው መሥራት አለባቸው።

ከሰርጀኑ በቀጥታ ሲቲውን ወዳነሳው ምርመራ ቤት ሄድን፣ ቀለበት መንገዱ ተዘጋግቶ። «ስሱዎቹ ተሰርዘዋል፤ ማሽኑ ሲሞላ ያጠፋል» አሉን። በጣም ተናደድኩ፤ ዛሬም ያናድደኛል። ከፋይዋ እሷ፣ ጨረሩን የተቀበለችው እሷ፣ መርፌው የገባው በእሷ ክንድ፤ ምስሉ ግን ለእሷ ሳይሰጥ ይጠፋል!

ሌላ ቦታ እንደገና ጀመርን፤ ጾም፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ካኑላ። ማሽኑ ትንፋሽ ያዙ የሚለው በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ አልገባትም፤ ሆዷ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ምስሉ ይበላሻል። ባለሙያዋ ድምፁን አጥፍታ በማይኩ «እማማ፣ ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ ይያዙት... አሁን ይተንፍሱ» እያለች ራሷ አስጠናቻት። ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት፣ ኮንትራስቱ፣ ሲገባ እትዬ «ልጄ፣ ሽንቴ አመለጠኝ» ብላ አፈረች። «አላመለጠዎትም፤ መድኃኒቱ ነው የሚያሞቀው፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ይሰማዋል» አለቻት። እንዲህ ያለች ልጅ ትባረክ። ሲዲውን እዚያው ባንኮኒው ላይ አስከፍቼ፣ ስሱዎቹ መኖራቸውን አይቼ ተቀበልኩ።

የሲቲን ሂሳብ ቀድሞ የሠራው አለን ኮርማክ ነገሩን ማሰብ የጀመረው ኬፕታውን ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ በአህጉራችን የተጠነሰሰ ነው። እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ማሽኑን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዋ ታካሚ ተነሳችበት፤ በ1979 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሰርጀኑ በዚህኛው ሲዲ ጉበቱን አቁሞ በማውዙ አዞረው። ሰማያዊ ደም ሥሮች እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል፤ ከረጢቱ በቀኝ፣ ከኋላ በኩል፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍል ላይ ተቀምጧል። ከረጢቱን ከስክሪኑ አንስቶ የሚቀረውን ጉበት ለካ፤ በቂ ነው አለ። እትዬ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«አዎ እማማ። ይቺን ትልቋን ደም ሥር አንነካትም፤ ከረጢቱ ገፍቷታል እንጂ አልገባባትም» አላትና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የምትወስደውን አልቤንዳዞል ጻፈላት።